ቤዙ ሲነዝር
መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ቤዝ ጊታር የምንጫወት ሁለት ነበርን። አንደኛው ደብረ ብርሃን ገብቶ ሲቀር ፔዳሉን ለእኔ ተወልኝ፤ በእግር ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ቁልፎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ አዞርኳቸው። ቤዙ እንደ ወፍጮ አጓራ። ኪቦርድ የሚጫወተው የሠርግ ባንዳችን መሪ ልምምዱን አቁሞ፣ "ይኼን ነገር ካልነቀልክ ቅዳሜ ለሠርጉ ቀየት አትሄድም" አለኝ።

ያን ሳምንት የእናቴ አጎት ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት አርፈው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በገና የደረደሩ ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ካቆለመማቸው ወዲህ ግን ትተውታል። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስለማመድ በሩን ገፍተው ገቡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ፔዳሉን አጠፋሁት።

"ምነው አጠፋኸው?"

"ይረብሽዎታል ብዬ ነው፣ አባባ።"

"ይረብሻል። እንዚራው በዝቶበታል።"

እንዚራ ከበገና ጅማት ሥር የሚገባ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ በገናው የሚነዝረው በእሱ ነው። "አብዝተህ ከገፋኸው ጅማቱ ይታፈናል፤ ካራቅኸው ደግሞ ነዘራው ይጠፋል" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን አበራሁ፤ ቁልፉን በጥቂቱ ወደ ኋላ መለስኩና ወፍራሙን ክር መታሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ገና ነው።"

ቁልፉን ደግሜ መለስኩት።

"ገና… እዚያ ላይ ተወው!"

ንጹሑ ድምፅ ከሥር ቀረ፣ ንዝረቱ ከላይ ሆነ። የተቆለመሙ ጣቶቻቸውን የድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፉ። እጃቸውን እስኪያነሱ ድረስ ተጫወትኩ።

ቅዳሜ ፔዳሉን ደብቄ ቀየት ሄድኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ረገጥኩት። መሪያችን ዞሮ አየኝ፤ ግን አላቆመም። ዕቃ ስንጭን፣ "ነቀልከው ማለት ነው?" አለኝ።

"አልነቀልኩትም። አስተካከልኩት።"

"እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትነካካው" ብሎ ኪቦርዱን ተሸከመ።

በማግስቱ የእናቴን አጎት ወደ አገራቸው በሚመልሳቸው ሚኒባስ ሳሳፍራቸው፣ "ሰው ጨፈረ?" ብለው ጠየቁኝ።

"በደንብ ጨፈረ።"

"በል፣ ከእኔ እንደተማርከው ለንስሐ አባቴ እንዳትነግራቸው" አሉኝ። እንደ መሳቅ አሉና ወደ መስኮቱ ተጠግተው ተቀመጡ።