ሚስማሩን የማይለቅ ብረት

ኢተፋ መቂ ላይ የታወቀ የሽንኩርት ደላላ ነው። ጆንያ ሳይፈታ በላዩ ላይ ጨበጥ ያደርግና ያ ሽንኩርት አዲስ አበባ በደህና ይግባ አይግባ ይናገራል። ገበሬውም ነጋዴውም ያምኑታል። ቢሆንም ደላላ ነውና የሚያውቀውን ሁሉ አያወጣም። አንድ ምስኪን ገበሬ ውሃ የጠጣ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ «ተበላሽቶብሃል» ማለት ይከብደዋል። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይልና ዓይኑን ወደ መኪናው ያዞራል። ሰውየው በሰው ፊት አንገቱን እንዳይደፋ ብሎ ነው። የቀረውን ገበያው ይነግረዋል።

የመጀመሪያ ልጁ ጉዲቱ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ትማራለች። ከሄደች ወዲህ ኢተፋ አባትነቱ ገንዘብ በመላክ ብቻ የቀረ እየመሰለው ይከፋዋል። ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል፣ ታስረዳዋለች፣ እሱ «እህ፣ እህ» ይላል፤ ከዚያ ወሬው እዚያው ያልቃል።

በመጨረሻው ዓመት ጉዲቱና ጓደኛዋ ሊዲ ለመመረቂያ ኤሌክትሮማግኔት ሊሠሩ ተነሡ። ነገሩ ብረት ላይ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ብረት ይስባል፣ ሲቋረጥ ይተዋል። ሽቦውን አገኙ። መሃል የሚገባው ብረት ግን ጠፋ። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ብረት፣ ያውም በልካቸው ለሁለት የተቆረጠ፣ የትም ሱቅ የለም። አንድ ቀን ይህን ለእናቷ በስልክ ስታወራ ኢተፋ ሰማና ስልኩን ተቀበለ።

«ለብረት ነው እንዲህ የምትጨነቂው? ለኔ ተይው።»

«አባዬ፣ ዝም ብሎ ብረት አይደለም እኮ፣ ለስላሳ...»

«ለኔ ተይው አልኩሽ!»

በማግስቱ ልኩን ይዞ አዳማ ወረደ። ጠያይቆ ጠያይቆ ከሪማ ግቢ ደረሰ። ከሪማ ወሎዬ ናት፤ ግቢዋ የመኪና አካል፣ የወፍጮ ስብርባሪ፣ የቧንቧ ቁራጭ የተከመረበት ነው።

«ለልጄ ነው፤ ካለሽ ሁሉ ጠንካራውን ስጪኝ» አላት።

እሷም የከባድ መኪና የጎማ ዘንግ፣ አክስል፣ አስጎትታ አወጣችለት። ኢተፋ በጫማው መታ መታ አደረገው፣ ወደደው። ሰንበታ የሚባል ሰው ብረት የሚቆርጥበት ቶርኖ ቤት ወሰደው። ሰንበታ «ይሄ ብረት መቁረጫዬን በላብኝ» እያለ አጉረመረመ፤ ግን ሠራው። ሁለቱ ቁራጮች ሲወጡ እንደ መስታወት ያበሩ ነበር። ኢተፋ እንዳይጫሩበት ኮቱን አውልቆ ጠቀለላቸው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለልጁ ሲያስረክብ የነበረው ደስታ፣ ልጅ የሚድር ይመስል ነበር።

በሳምንቱ ጭነት ሸኝቶ መጣና አስጠራት።

«ብረቱስ?»

«ጥሩ ነው አባዬ፣ ጥሩ ነው» አለችና ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች።

ኢተፋ ደነገጠ። ድምፁን ያውቀዋል፤ የራሱ ድምፅ ነው። ስንት ገበሬ ፊት እንዲህ ብሎ ዓይኑን አዙሯል! ገበሬዎቹም ሁሉ ያውቁበት ኖሯል ማለት ነው። ይህ እስከዚያች ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

«ጉዲቱ፣ ተበላሽቷል አይደል?»

ጥበቃዎቹን አስፈቅዳ ወደሚሠሩበት ክፍል ወሰደችው። ሊዲ አጠገቡ ሚስማር አስቀምጣ ማብሪያውን ስትጫን ሚስማሩ ዘሎ ብረቱ ላይ ተለጠፈ። ስታጠፋው እዚያው ቀረ።

«ጎበዝ ነው እኮ! አልለቅም አለ!» አለ ኢተፋ።

«መልቀቅ ነበረበት፣ አባዬ። ጠንካራ ብረት አንዴ ማግኔት ከሆነ ይዞት ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ወዲያው የሚተው ለስላሳ ብረት ነው።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«በኮትህ ጠቅልለህ ስታመጣው እንዴት ብዬ?»

ኢተፋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ቀልቷል፤ ሊዲ ሽቦ የምትፈልግ መስላ ዞር አለችላቸው። እሱም ልጁን፣ «እሺ፣ አሁን አታባብይኝ። እንደማላውቅ ሰው ንገሪኝ። ምን ዓይነት ነው የምንፈልገው?» አላት።

ተያይዘው ከሪማ ግቢ ሄዱ። ከሪማ ገና ስታያቸው፣ «ጋሽ ኢተፋ፣ ጠንካራ ስጪኝ አሉኝ፣ ጠንካራ ሰጠሁ!» ብላ ቀደመች።

«እውነትሽን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ጉዲቱ ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም።

ጉዲቱ ብረት የሚሞርደውን ግራይንደር አስነሥታ የተከመሩትን ብረቶች ጫፍ ጫፍ ትነካ ጀመር። የጠንካራው ብረት የእሳት ፍንጣሪ ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ የለስላሳው ግን ሳይበታተን እንደ ክር ተስቦ ይወጣል። ኢተፋ ልዩነቱን ቶሎ ያዘው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ከክምር ክምር እየዘለለ፣ «ይቺንስ? ይቺን ሞክሪያት!» እያለ ይጣራል። ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ቀጭን ሆነ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከአንድ የፈረሰ ወፍጮ መሠረት የወጣ፣ ዝገት የበላው ወፍራም ቡሎን ከሥር ጎትተው አወጡ። ጉዲቱ ነካችው፤ ፍንጣሪው ቀጥ ብሎ ወጣ። አባትና ልጅ ተያዩና ሳቁ።

ሰንበታ በማግስቱ ቆረጠላቸው። ብረቱ እንደ ማስቲካ እየተጎተተ አስቸገረው፤ መልኩም እንደ ፊተኛው አላበራም። ኢተፋ «ትንሽ አታበራውም?» ሊል አፉን ከፍቶ ልጁን አየና ዘጋው።

ሥራቸውን ያቀረቡ ዕለት ኢተፋ ከኋላ ተቀመጠ። ማግኔቱ አንድ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ከጠረጴዛው ሲያነሣ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሊዲ አጠፋችው፤ ሰሌዳው ወዲያው ወደቀ። አንድ መምህር ስሌታችሁ ላይ ካለው ያነሰ የሳበው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጉዲቱ ብረቶቹ ሲጋጠሙ ክፍተት እንደቀረ፣ ሽቦውም ቶሎ እንደሚሞቅ ሳትሸፋፍን ተናገረች። ኢተፋ እንዲህ እያለች ትወድቃለች ብሎ ፈራ። አለፉ።

ምሳ ጋበዛቸው። ያዘዙት ዓሣ እስኪመጣ፣ «እኔስ እንዴት ነበርኩ?» አላት።

«ቀድመህ አጨበጨብክ፣ አባዬ። ሲያነሣ አልነበረም፤ ሲለቅ ነበር ማጨብጨብ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ጉዲቱ አሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ የክሬን ጥገና ትሠራለች። ኢተፋ ሽንኩርት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ክሬኖቹ ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ ሹፌሩን «እስቲ ቀስ በል» ይለዋል። ሹፌሩ አይጠይቀውም፤ ቀስ ይላል።