የሽርት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሲፈስ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው የባሏ ቤት ነበርኩ። ማለዳ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። አረንጓዴና ወፍራም ነበር አሉ ሴቶቹ። አማቷ፣ ብዙ ሴት ያዋለዱ ባልቴት፣ ደስ አላቸው።

«ልጁ እዚያው ማኅፀን ሳለ ሆዱ ሠርቷል። ጤነኛ ነው» አሉ።

ምጡ አልገፋ ሲል ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረስናት።

ወንድ ልጅ ተወለደ። እንድገባ ሲፈቀድልኝ ነርሷ አፉንና አፍንጫውን በላስቲክ መምጠጫ ታጠራለት ነበር። ጥፍሮቹ ሳይቀሩ በዚያ ውሃ ቀለም ተነክረዋል። ጀርባውን ስታሻሸው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ከዚያ ወዲያ ግን በተነፈሰ ቁጥር ያቃስት ጀመር።

አማቷ በቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ለጋ ቅቤ ፈቱ። በአገሩ ልማድ አዲስ የተወለደ ልጅ ከጡት በፊት ቅቤ ይልሳል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል።

«እሜቴ፣ ለዚህ ልጅ አይሆንም» አለች ነርሷ።

«ኧረ ምነው! የናንተ ሐኪም ቤት ቅቤም ይፈራል? አባቱ በዚህ አይደል እንዴ ያደገ!»

«የጎድን አጥንቱን ይዩት፤ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ገና በሆድ ሳለ ተጨንቆ ነው ዓይነ ምድሩ የወጣው። ያንን ከውሃው ጋር ወደ ሳንባው ስቦታል። ቅቤም ከገባበት ይታፈናል።»

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቅጠሉን መልሰው ጠቀለሉት።

ልጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሞችን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ከእንዲህ ያለ ውሃ የሚወለዱ አብዛኞቹ ሕፃናት ይተርፋሉ። የሚያሰጋው ወፍራም ሲሆንና ልጁ ሲስበው ነው።

ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ወግ ያለው ለቅሶ የለም። ጎረቤት ግን እህቴን ሊያጽናና መጣ።

«ቅቤ ሳይልስ ቀርቶ ነዋ!» አለች አንዲት ሴት። «ሐኪም ቤት ወስዳችሁ ልጁን አስበላችሁት።»

«ተይ አንች!» አሉ አማቷ። «በዓይኔ አይቻለሁ። አየር መሳብ ያቃተው ልጅ ቅቤ በየት በኩል ይገባለታል? ውሃው እንዲያ ሆኖ ሲፈስ ያየች ሴት ካለች ቁጭ አትበል፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ታስወስድ። እኔ ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ።»

እህቴ ከመደቡ ላይ እጇን ዘርግታ የአማቷን ጉልበት ያዘች።