የጋሼ ጠጠሮች

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ከሞተ ወር ሆነው። እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ ግን ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚዋሽለት እኔ አበላሽቼ እውነቱን ልጻፍ።

በእኛ በጋሞ አገር፣ ከጫኖ እስከ ላንቴ ሰው በተፈነከተ ቁጥር ጋሼ አንድ ጠጠር ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄድ ነበር። ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር፣ የአገሩን መንገድና የመስኖ ቦይ መሬት ላይ በጭቃ ሠርቶ ነበር። «ማን መታ የሚለውን ኋላ ትጽፋላችሁ። መጀመሪያ የት ነው? በስንት ሰዓት?» ይልና ጠጠሩን እዚያው ቦታ ያስቀምጣል። ፖሊሶቹ «አባባ፣ ገበጣ ሊያጫውቱን ነው?» እያሉ ሳቁበት።

ጠጠሩ ግን አንድ ቦታ ተከመረ፤ ከሰዓት በኋላ ሙዝ የምናጠጣበት የውሃ ተራ ከሰው ወደ ሰው የሚለወጥበት የቦዩ በር ላይ። ፖሊሶቹ ይህን ካዩ በኋላ በዚያ ሰዓት ሁለት ፖሊስ እዚያ ይቆም ጀመር፤ ጋሼም የእርቁን እርጥብ ሳር ይዞ መሃል ይቀመጥ ነበር። እርጥብ ሳር የያዘ ሽማግሌን ዘሎ የሚማታ ጋሞ የለም። ጠቡ ቀዘቀዘ።

ከቀብሩ በኋላ አዲሱ አዛዥ ጠጠሮቹን አስጠረገ፤ ፖሊሶቹንም ከቦዩ አነሳ። «አባባ፣ አሁን ኮምፒውተር አለን» አለኝ።

«ይኑራችሁ! ቦዩ በር ላይ ሳር ይዞ ይቀመጣል?» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት እዚያው በር ላይ አንድ ሰው ተፈነከተ። የጋሼ ቦታ ባዶ ነበራ!

እኔ እንደሱ አፈ ጣፋጭ አይደለሁም፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ግን ትናንት ሳር ነጭቼ እዚያ ተቀመጥኩ። ጠጠሩንም ከማንጎው ሥር መልሻለሁ። ይጥረጉት፤ ነገም እመልሰዋለሁ።