በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ የነበረው መስመር

ልጄ እጃጂ ከተማ ታስተምር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ ወደ እኛ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ጥፍሮቿን ቀይ ተቀብታ ገባች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በራሴ ጥረት ማንበብ የቻልኩ ሰው ነኝ፤ መምህር ሲሽሞነሞን አልወድም።

«የአስተማሪ ጣት ጠመኔ ነው የሚያምርበት። አጥፊው» አልኳት።

«ልጆቹ ‹ጥፍርሽ ምን ሆኖ ነው› እያሉ ስለሚጠይቁኝ እኮ ነው፣ አባዬ» አለችና ቀለሙን በማስለቀቂያው በአሴቶን ጠረገችው። በቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ወጣ።

«በር ይዞሽ ደም ቋጥሮ ነው።»

«በር አልያዘኝም።»

«ረስተሽው ነው። ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይወጣል።»

«ሐኪም አባት እያለኝ ምን አሳሰበኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ተቀብታ መጥታ አታውቅም። በየሳምንቱ ባዶ ጥፍሯን እያየሁ፣ ልጄ ታዛዥ ናት ብዬ ለጎረቤት አወራ ነበር። መስመሩ ከሥሩ እየሰፋ ሄደ። እኔ የማየው ታዛዥነቷን ብቻ ነበር።

በኋላ ጥፍሩ ተሰነጠቀ፤ ጥቁረቱም ወደ ቆዳዋ ወጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የጤና መኮንኗ ጣቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ አየችው።

«ኦቦ፣ ደም ቢሆን ጥፍሩ ሲያድግ ወደ ፊት እየሄደ ከሥሩ ይጠራ ነበር። ይሄ ከሥሩ ነው የሚመጣው፤ ቆዳውንም ይዟል። መቼ ጀመረ?»

ልጄ አየችኝ። «በቅርቡ ነው» አለች።

በልጅነቷ ስትዋሽ የምገርፋት እኔ ነበርኩ። አሁን ለእኔ ብላ ዋሸች።

«ዓመት አልፎታል። ደም ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

አዲስ አበባ ላኩን። ከጥፍሩ ሥር ሥጋ ቆንጥረው መረመሩና ካንሰር ነው አሉን። ጣቷን ቆረጡት፤ በሽታው ግን ብብቷ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ሁሉ ክፉ አይደለም ብለውኛል። የሚለየው ግን ሐኪም ነው፤ አባት አይደለም። ወላጆች ሆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አሳዩ።

በመጨረሻው ሳምንቷ ቀዩን ቀለም አምጡልኝ አለች። እናቷ ልትቀባት ስትል ጠርሙሱን ተቀበልኳት። የቀሩትን ዘጠኝ ጥፍሮች ቀባሁላት። ከጥፍሩ እያሳለፍኩ ቆዳዋን ሁሉ አቀላሁት።

«ተማሪዬ ብትሆን አስደግምህ ነበር» አለችኝ።

እስኪደርቅ ድረስ ጣቶቿን ይዤ እፍ አልኩባቸው።