ያልተከፈተው የሳንባ ውጤት

በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራውን ባለሙያ «ቁልፍ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የራጅ ሐኪሙ ነው። ድሮ የራጅና የሲቲ ስካን ውጤቶችን ያሻው ሁሉ እየገባ ያነብ ነበር፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ የጎረቤቱን በሽታ ያወራ ነበር። እሷ የሠራችው የውጤት መፈለጊያ ፕሮግራም ግን ከታማሚው ሐኪም በቀር ለማንም አይከፍትም። ሐኪሙ ሥራ ከለቀቀ፣ ሌላ እስኪመደብ ውጤቱ ተዘግቶ ይቆያል። የራጅ ሐኪሙ፣ ቢያንስ ለከባድ ሕመም ማስጠንቀቂያ ይላክ ብሎ ተከራክሯት ነበር። ማስጠንቀቂያም ቢሆን ምስጢር ያሾልካል ብላ አፉን አስያዘችው።

ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። «እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ አንቺ ትቆልፊያለሽ፤ ያው የአንድ እናት ልጆች ነን» እያለች ትቀልድባት ነበር።

እህትየዋ ሳል ሲጠናባት ደረቷን ራጅ ተነሣች። ውጤት ልትወስድ ስትሄድ ያዘዘላት ሐኪም ሥራ ለቋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሐኪምሽን ጠይቂ ብላ መለሰቻት። ለታናሿ ደውላ እስቲ እይልኝ ብትላት፣ ለእህቴ ብዬ ደንቡን ብጥስ ነገ ማን ያምነኛል አለቻት። ክፉ ነገር ቢኖር ይጠሩሽ ነበር ብላም አረጋጋቻት። እህትየዋ አመነቻት። ብርድ ይሆናል ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሌላ ሐኪም የተመደበላት ከወራት በኋላ ደም መትፋት ስትጀምር ነው። ውጤቱን ሲከፍት ቁልፍ አጠገቡ ቆማለች። በግራ ሳንባዋ ላይ ትንሽ ዕጢ አለ፣ በአስቸኳይ ትታይ ይላል። በአዲሱ ምርመራ ግን ጉበቷ ላይ ደርሷል። ያኔ ቢታይ በቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር አለ ሐኪሙ፣ ማን እንደዘጋው ሳይጠይቅ።

ቁልፍ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። እህትየዋም፣

«ዓይኔን አጥፍቼ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» አለቻት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስክትሞት ድረስ አላናገረቻትም።

ቁልፍ ከቀብር በኋላ ማስጠንቀቂያውን ጨመረች። ያን ዕለት፣ ሐኪም አልባ የቀሩ የከባድ ሕመም ውጤቶች የራጅ ሐኪሙን ስክሪን ሞሉት። እሱም ስልክ አንሥቶ ታማሚዎቹን አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። አብዛኞቹ እመጣለሁ አሉ። የአንዳንዶቹን ስልክ ግን ያነሡት ልጆቻቸው ናቸው፤ «ዘገያችሁ» አሉት።