መልእክተኛ ሆኜ የተጫወትኩ ቀን

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው። ትናንት ከሰዓት በውጭ አገር፣ አመሩድ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ልጄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለፈተና ታጠናለች፤ የጥንት ግሪኮች ስለ አሳዛኝ ድራማ ያሉትን። «ሰውየው የሚወድቀው ክፉ ስለሆነ ነው?» አልኳት። «ኔይ፣ አይደለም እማ፣ ክፉ ከሆነማ ማን ያዝንለታል? ተሳስቶ ነው።» መልሱን አውቀው ነበር። ደሴ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ተምሬዋለሁ።

የአማርኛ መምህራችን ስለ ግሪኮች ማውራት ይወዱ ነበር። ሞትን መድረክ ላይ አያሳዩም፣ መልእክተኛ መጥቶ ይናገራል፤ ተመልካችም የሚፈራው የወደቀው ሰው እሱን ሲመስለው ነው ይሉን ነበር። ለወላጆች በዓል ባዘጋጁት ቴአትር መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ። የአባቴን ካፖርት ለበስኩ፤ የናፍታሊኑ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በጽሑፉ የሟቹ ስም ማንም የማያውቀው ስም ነበር። ሰው እንዲያለቅስልኝ ፈልጌ፣ ለማንም ሳልናገር፣ የጎረቤታችንን የእትዬ አሰለፈችን ልጅ፣ የታደሰን ስም ተካሁበት። ታደሰ ከዘመተ በኋላ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎ ነበር።

እትዬ አሰለፈች ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። «ታደሰ የለም» ስል ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። ትወናዬ ያስለቀሳቸው መስሎኝ ኮራሁ፤ ድምፄንም ጨመርኩ።

ቴአትር ነው፣ የልጅ ነገር ነው፣ ታደሰ ደህና ነው ተባሉ። በእኛ አገር ግን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው ይኸው አይደል? ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ እስኪያረዳ ድረስ ሁሉም «ደህና ነው» ይላል። ስለዚህ ሰው በማለላቸው ቁጥር ይበልጥ አመኑ። «ልጅ አይዋሽም፤ የምትደብቁኝ እናንተ ናችሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ነጠላቸውን ለብሰው በራፋቸው ላይ ሽማግሌዎቹን ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዘው «ማን ነገረሽ? አልቆጣሽም» አሉኝ። ከራሴ ነው ማለት አፍሬ ሮጥኩ።

ታደሰ በዓመቱ እያነከሰ መጣ። እትዬ አሰለፈች እኔንም ሳሙኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ተሳሳትኩ። አሁንስ? የባለቤቴ እናት ደብረ ብርሃን ናቸው። ዘመዶቹ «ልባቸው ደካማ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሄደን እናረዳቸዋለን፣ እስከዚያ ዝም በይ» ብለውኛል። ትናንት ልጄ እያጠናች ስልኩ ጠራ፤ እማማ ነበሩ።

«ልጄ፣ ድምፁ ጠፋብኝ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ፤ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ እትዬ አሰለፈች ቢጠረጥሩኝ ኖሮ መናገሩ ይቀለኝ ነበር። እማማ ግን አመኑኝ። «ተመስገን» አሉና እኔንም እሱንም ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ ብለው መረቁን።