በትኩሳት የላክሁት መልእክት

ያን ሳምንት የቅርብ ጓደኛዬ ቤተሰቦች ከጅግጅጋ ወደ አይሻ ሊዛወሩ ዕቃ እያሰሩ ነበር። አባቷ እዚያ ባቡር ጣቢያ ሥራ አግኝተዋል፤ ጉዞው ቅዳሜ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ስለሆንን፣ የቀሩንን ቀናት በሙሉ አብረን ልናሳልፍ ተማምለናል። እኔ ግን ሰኞ ጉንፋን ያዘኝ።

ጉንፋን ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። አጥንቴ ሳይቀር አመመኝ። እናቴ ያመጣችልኝን ሾርባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እምቢ አልኳት። ከሰውነቴ ይልቅ የገረመኝ ሐሳቤ ነው። መጋረጃው አስጠላኝ። የጎረቤት ሬዲዮ እኔን ለማናደድ ሆን ተብሎ የተከፈተ መሰለኝ። ረቡዕ ከሰዓት ጓደኛዬ «አባዮ፣ ልምጣ?» ብላ ጻፈችልኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ መለስኩ፦ «አትምጪ። እየሄድሽ አይደል? ከአሁኑ ብንለማመደው ይሻላል።» ላክሁና ተኛሁ። በጣም ትክክል የሆነ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በላብ ተነክሬ ነቃሁ። ትኩሳቱ ወርዷል፣ እርቦኛል። የተረፈ ፓስታ ላይ፣ እንደ ጅግጅጋ ልማድ፣ ሙዝ ቆርጬ እየበላሁ ስልኬን ከፈትኩ። መልእክቴን ሳነበው ሹካዬን አስቀመጥኩ። መልስ የለም። ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ታላቅ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ጤና ነው የምታጠናው። ስልኩን አሳየኋት።

«ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«ታዲያ ማን ነው፣ ጉንፋኑ?»

«ይመስለኛል።»

ሳቀችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሰውነት ከጀርም ጋር ሲዋጋ የመከላከያ ሴሎቹ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች ይለቃሉ አለችኝ። ወሬያቸው በደምም በነርቭም አድርጎ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ሙቀት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጉልበት እንዲቆጠብ «ተኚ፣ ከሰው ራቂ» ይላል። የታመመ ሰው የሚነጫነጨውና ሁሉም ነገር የሚጨልምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደስ አለኝ። «በቃ፣ ጥፋቱ የሳይቶካይን ነው።»

«ሳይቶካይን ስልክ መያዝ አይችልም» አለች እህቴ። «አነጫንጮሽ ይሆናል፤ የላክሽው ግን አንቺ ነሽ። ተነሺና ሂጂ። ማስክሽን ደግሞ እንዳትረሺ።»

ባጃጅ ውስጥ ንግግሬን አጠናሁ፤ ሴል፣ ነርቭ፣ አንጎል። እነሱ ግቢ ስደርስ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ጓደኛዬ ብርጭቆ በልብስ ትጠቀልላለች። አያቷ፣ እኔም እንደሷ አዬዮ የምላቸው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልብስ ያጣጥፋሉ። አዬዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀብሪበያ ገበያ ፍየል ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

ከበሩ ሳልገባ «ሰውነት ከጀርም ጋር ሲዋጋ…» ብዬ ጀመርኩ።

«በልተሻል?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«ፓስታ።»

ለአያቷ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። አዬዮ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«መልእክትሽን ሳነብ አለቀስኩ» አለችኝ። «ለአዬዮ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ትበላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እናትሽ ጋ ደወልኩ፤ ምንም አልቀመሰችም አሉኝ። አዬዮ ታዲያ ‹ተያት። ፍየል ስትታመም ከመንጋው ትለያለች፣ የቀረባትን ትወጋለች። ፍየል ላይ ይኮረፋል እንዴ?› አሉ።»

«ፍየል ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«የታመመች ፍየል። ጤነኛዋማ ትሸጣለች።»

እህቴ ስንት ዓመት ፈተና የተፈተነችበትን ነገር አዬዮ ከፍየል በረት ተምረውት ኖሯል። ጥናቴ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ግን እኔ የመጣሁበት አላለቀም ነበር፤ ምክንያቱም ባጃጁ ውስጥ መልእክቱን ደግሜ አንብቤዋለሁ።

«‹አትምጪ› ያልኩሽ በሽታው ይሁን» አልኳት። «‹እየሄድሽ አይደል› ያልኩት ግን የራሴ ነው። ደህናም ሆኜ ውስጤ ነበር። አትሂጂብኝ ለማለት ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እንደሱ ብለሽ አትጽፊም?»

«አላወቅሁትማ።»

«እኔም መሄድ አልፈልግም» አለች ቀስ ብላ፣ እቤት ውስጥ ያሉት ወላጆቿ እንዳይሰሙ። ከዚያ ማሸጊያ ፕላስተሩን ወረወረችልኝና ካርቶኑን ከወዲያ በኩል እንድይዝላት ጠየቀችኝ። ያዝኩላት። ዓርብም ሄጄ ያዝኩላት።